ለስላሳ ሲጋር ከቶናው ጋር

ሥራዬ ቡና መቅመስ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ማንኪያ ይዤ ከሲኒ ሲኒ እዞራለሁ። እምጋለሁ፣ እተፋለሁ፣ እጽፋለሁ። ምላሴ እንጀራዬ ነው፤ ስለዚህ እሳሳለታለሁ። በወር አንድ ቅዳሜ ማታ ግን ሰንጋ ተራ ያለችው ቤቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ ሲጋር አጨሳለሁ። እሑድ ምላሴ ያርፋል። ሰኞ ወደ ማንኪያዬ እመለሳለሁ።

ሲጋር ስል ሲጋራ ማለቴ አይደለም። ሲጋራ ወረቀት የለበሰ፣ ወደ ሳንባ የሚሳብ ነገር ነው። ሲጋር ከውስጥ እስከ ውጭ ቅጠል ነው። ጭሱ አፍ ውስጥ ይገባል፣ ይቀመሳል፣ ይወጣል። በቃ። ጓደኞቼ ሠርግ ላይ ወይም ከውጭ በመጣ ዘመድ በኩል አንድ ሲጋር ሲደርሳቸው እንደ ሲጋራ ነው የሚስቡት። ያስላቸዋል፣ ያዞራቸዋል፣ ግማሹ ላይ ሳይደርሱ ይጥሉታል። ከዚያ «ምኑ ነው የሚጥምህ?» ይሉኛል። የምጽፈው ለእነሱ ነው።

ትምባሆ የማታጨሱ ከሆነ ግን ይህ ጽሑፍ ለመጀመር ምክንያት አይሁናችሁ። ሲጋር ወደ ሳንባ ባይሳብም የአፍ፣ የጉሮሮና የምግብ ቧንቧ ካንሰር ያመጣል። ኒኮቲኑ ሳንባ ባይደርስም በአፍ በኩል ወደ ደም ይገባል። አንድ ትልቅ ሲጋር ውስጥ የአንድ ፓኮ ሲጋራ ያህል ትምባሆ ሊኖር ይችላል። በወር አንድ ብቻ ያልኩት ለዚህ ነው። ሕጉም ግልጽ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥና በሥራ ቦታ ማጨስን ይከለክላል። ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ትምባሆ መሸጥም ክልክል ነው። እኔም ቤት ውስጥ አላጨስም። በረንዳው ላይ ወጥቼ በሩን ከኋላዬ እዘጋለሁ።

እናቴ እስከ ዛሬ አልወደደችልኝም። ትምባሆ በአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው ብላ ነው ያሳደገችን። አፄ ዮሐንስ 4ኛም ትምባሆን አጥብቀው ከልክለው ነበር። እሷ ቤቴ በመጣች ቀን የሲጋር ሳጥኔ አይከፈትም።

ያስተማሩኝ ደግሞ የእሷው ታላቅ ወንድም ናቸው። ጋሼ በ1970ዎቹ ወደ ኩባ ከተላኩት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ ነበሩ። ኢስላ ዴ ላ ኹቬንቱድ በምትባለው ደሴት ላይ ግማሽ ቀን ይማሩ ነበር፤ ግማሽ ቀን ደግሞ የግሬፕፍሩት እርሻ ላይ ይሠሩ ነበር። ሲጋር የቀመሱት ብዙ ቆይተው፣ ትልቅ ሰው ሆነው ሃቫና ሲገቡ ነው። አሁን ቤታቸው ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብዙም አይርቅም። ቸርቺል ጎዳና ላይ በ1977 ዓ.ም የተመረቀውን የትግላችን ሐውልት ባለፉ ቁጥር የኩባ ወታደሮቹ ምስል ፊት ቆም ይላሉ። እኔም አብሬ እቆማለሁ።

መጀመሪያ ያጨስኩት እሳቸው በረንዳ ላይ ነው። አራት አምስቴ ቶሎ ቶሎ ሳብኩ። ጋሼ እጄን ያዙኝና «ልጄ፣ ምን አሯሯጠህ? እሳቱን እኮ አስቆጣኸው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ሁሉ የዚህች ንግግር ማብራሪያ ነው ብል አላጋነንኩም።

የለስላሳ ሲጋር ጠላቱ ሙቀት ነው። ኃይለኛ ሲጋር ብትቸኩሉበትም ጣዕሙ ይሰማል። ለስላሳው ግን እሳቱ ከጋለ ያ ቅቤና የገብስ ቆሎ የመሰለው ጣዕሙ ጠፍቶ የተቃጠለ ወረቀት ይሆናል። ሰዎች «ለስላሳው ምንም ጣዕም የለውም» የሚሉት አቃጥለውት ነው። እርጥበቱም፣ አቆራረጡም፣ አለኳኮሱም፣ አሳሳቡም አንድ ነገር ለማድረግ ነው፤ ጭሱ ቀዝቀዝ ብሎ አፍ እንዲደርስ። ቡናም ላይ ያው ነው። ሲኒው ትኩስ እያለ ቡና ሁሉ ይመሳሰላል። ለብ ሲል ነው ጉድለቱም ውበቱም የሚወጣው።

ለስላሳ የሚያደርገው ምንድን ነው?

ሲጋር ሦስት ክፍል አለው። ከውስጥ የታጠፉ የተለያዩ ቅጠሎች አሉ። እነሱን አንድ ጠንካራ ቅጠል ያስራቸዋል። ከላይ ደግሞ ለዓይን የሚታየው ስስ ቅጠል፣ ልባሱ አለ። በጥሩ የእጅ ሥራ ውስጥ ያለው ቅጠል አይከተፍም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይደርሳል። የርካሹ ሆድ ክትፍ ቅጠል ነው። ፈጥኖ ይነድዳል፣ ይግላል፣ ምላስ ላይ ይበተናል።

ጥንካሬውን በዋናነት የሚወስነው ቅጠሉ ከተክሉ ላይ ከየት እንደተለቀመ ነው። የታችኛው ቮላዶ ይባላል። ጣዕሙ ቀላል ነው፣ ግን በደንብ ይነድዳል። የመካከለኛው ሴኮ ነው፤ መዓዛው ከእሱ ይመጣል። ከአናቱ ያለው ሊሄሮ ፀሐይ በቀጥታ ስለሚያገኘው ወፍራምና ኃይለኛ ነው። ለስላሳ ሲጋር ውስጥ ሊሄሮ ወይ ጥቂት ነው ወይ የለም። መካከለኛው ውስጥ ጨመር ይላል።

ልባሱ ብዙ ጊዜ ኮኔክቲከት የሚባለው ዓይነት ነው። ስሙ የአሜሪካ ግዛት ስም ነው። እዚያ ትምባሆውን በስስ ጨርቅ ድንኳን ሥር ያሳድጉታል። ኢኳዶር ውስጥ ደግሞ ደመናው ራሱ ጥላ ይሆንለታል። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ቶሎ የገባኝ በቡና ነው። ጌዴኦ ብትሄዱ ቡናው በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ነው ቀስ ብሎ የሚበስለው። ትምባሆም በጥላ ሲያድግ ቅጠሉ ይሳሳል፣ ጅማቱ ይቀጥናል፣ ቀለሙ ይፈካል። እጃችሁ ላይ ስታዩት ማኪያቶ ይመስላል።

ቅጠሉ ደርቆ ብቻ አይጠቀለልም። ተከምሮ ይብላላል። ክምሩ በራሱ ሙቀት ይግላል፣ አሞኒያው ይወጣለታል። በደንብ ያልተብላላ ቅጠል አፍንጫ ይኮረኩራል፣ እንደ አፍለኛ እንጀራ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ከዚያ በኋላ ነው ጠቅላዮቹ እጅ የሚገባው። ኩባ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1865 ጀምሮ ሠራተኞቹ ሲጠቀልሉ ጋዜጣና መጽሐፍ ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው ሰው አለ። ጋሼ ስለዚህ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል።

ስትመርጡ

ከኩባዎቹ ለስለስ ያለው ሆዮ ዴ ሞንቴሬይ ነው። ኤች አፕማን ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሮሜዮ ኢ ሁሊየታ መካከል ላይ ነው። ፓርታጋስና ቦሊቫር ኃይለኞች ናቸው፤ ለኋላ አቆዩአቸው። ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ማካኑዶ ካፌና አሽተን ክላሲክ ለጀማሪ የሚመቹ፣ ኮኔክቲከት ልባስ ያላቸው ናቸው። ለእኔ የመጀመሪያው ሲጋር ከዶሚኒካን ቢሆን ይሻላል። የኩባው ስሙ ትልቅ ስለሆነ አስመስለው የሚሠሩትም ብዙ ናቸው። «ኩባ ነው» ተብሎ የመስታወት ክዳን ባለው ሳጥን የቀረበላችሁ ከሆነ አትክፈሉ። እውነተኛው በመስታወት ክዳን ሳጥን አይሸጥም።

መጠኑ ላይ ሮቡስቶ የሚባለውን እመክራለሁ። ርዝመቱ 12.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ውፍረቱ 50 ተብሎ ይለካል። ቁጥሩ የኢንች 64ኛ ስለሆነ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ቀጭን ሲጋር ለጀማሪ ቀላል ይመስላል፤ ግን ፈጥኖ ይግላል። ወፈር ያለው ቀዝቀዝ ብሎ ይነድዳል። ሮቡስቶ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይቆያል።

ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን አስፈቅዳችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ከላይ እስከ ታች በቀስታ ጫን ጫን አድርጉት። ትንሽ ገባ ብሎ መመለስ አለበት። ድንጋይ የሆነ ቦታ ካለ ጭስ አያሳልፍም። ቋቋ ካለ ደርቋል። እኔ አንድ ጊዜ ስሙን የማልጠራው ሱቅ ውስጥ ፀሐይ ከሚመታው መስኮት ላይ ተነስቶ የተሰጠኝን ሲጋር ሳልነካው ገዛሁ። ቤት ደርሼ ስቆርጠው ልባሱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠ። አሁን ሳልነካ አልገዛም።

አቀማመጥ

አዲስ አበባ በሙቀቷ ለሲጋር ትመቻለች። የሚፈለገው ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ነው፤ ቤታችን ውስጥ ያለው ከዚያ ብዙም አይርቅም። እርጥበቱ ነው የሚያስቸግረው። ሲጋር ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ይፈልጋል። በጋ ላይ፣ በተለይ ከሰዓት በኋላ፣ አየሩ ከንፈር ይሰነጥቃል። ክፍት የተቀመጠ ሲጋር በጥቂት ቀን ይደርቃል። የደረቀ ሲጋር ደግሞ እንደ ጭራሮ ነው፤ ቦግ ብሎ ይግላል። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ በተቃራኒው ይረጥባል፣ አንዳንዴም ይሻግታል።

ውድ ሳጥን አያስፈልግም። እኔ ክዳኑ ላስቲክ ያለው፣ አየር የማያስገባ የፕላስቲክ የምግብ ዕቃ ነው የምጠቀመው። ውስጡ ቦቬዳ የሚባለውን ከረጢት አስገባለሁ። ከረጢቱ የዕቃው አየር ሲደርቅ እርጥበት ይሰጣል፣ እርጥበቱ ሲበዛ ይመጥጣል። ባለ 65 በመቶውን ነው የማዘው። ብዙ ሰው 69 ይወዳል፤ ለለስላሳ ሲጋር ግን 65 ላይ እሳቱ ሳይጠፋ በዝግታ ይሄድልኛል። ከመንገድ የመጣ ሲጋር ቢያንስ ሁለት ሳምንት እዚያ ውስጥ ያርፋል። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ካገኛችሁ አብራችሁ አስገቡ።

የእንጨት ሳጥን አሠራለሁ ካላችሁ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ለሲጋር የሚሆነው የስፔን ሴዳር የሚባለው እንጨት ነው፤ ዘመዱ ማሆጋኒ ነው። አናጢዎቻችን «ሴዳር ይኸው» ብለው ጽድ ያመጡላችኋል። ጽድ ቆንጆ እንጨት ነው፤ ግን ሽታው ኃይለኛ ነው፣ ሲጋሩም ይጠጣዋል።

ሲጋር ሽታ ይጠጣል ስል ደርሶብኝ ነው። ገና ስጀምር አምስት ሲጋር በወረቀት ጠቅልዬ እናቴ ጓዳ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ደበቅኩ። ከጎኑ የተፈጨ በርበሬ ነበር፣ ከበላዩ ኮረሪማ። ከወር በኋላ አንዱን ለኮስኩ። የመጀመሪያዋ ጭስ በርበሬ ናት፣ ሁለተኛዋም በርበሬ ናት። አምስቱንም ጣልኳቸው። ከዕጣን፣ ከቅመም፣ ከሽቶ አርቁት። ቡናም አጠገቡ አላስቀምጥም።

የትምባሆ ነቀዝም አለ። ሙቀቱ 24 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ እንቁላሉ ይፈለፈላል። ልባሱ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የመሰለ ነገር ካያችሁ ያን ሲጋር ወዲያው ከሌሎቹ ለዩት። ዕቃውን ምድጃ አጠገብ ወይም ፍሪጅ ጀርባ አታስቀምጡ።

ቅዳሜ ማታ

ባዶ ሆድ አይሆንም። መጀመሪያ እራት በሉ። ለስላሳ ሲጋርም ቢሆን ባዶ ሆድ ላይ ያዞራል፣ ያስታውካል። እኔ 12 ሰዓት ላይ እበላለሁ፣ ከዚያ ከላዬ ላሉት እትዬ እደውላለሁ። ጭስ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ እሳቸው ደግሞ ቅዳሜ ልብስ ያሰጣሉ። «እትዬ፣ ልብሱ ገብቷል?» እላለሁ። «ገብቷል ልጄ፣ ብርድ እንዳይመታህ ብቻ» ይሉኛል። ነፋስ ካለ ሌላ ቀን ይሁን። ነፋስ አንዱን ጎን ብቻ ያነድዳል፣ እሳቱንም ያራግባል።

ቡናው ይፈላል። ቡና ከአቦል ወደ ቶና፣ ከቶና ወደ በረካ ሲሄድ እየሳሳ ይመጣል። ሲጋር ደግሞ በተቃራኒው ነው። እሱም ሦስት ወግ አለው፤ ግን እየወፈረ ነው የሚሄደው። ጭሱ ባለፈበት መንገድ ሁሉ ዘይቱና ኒኮቲኑ ወደኋላ ይከማቻል። ስለዚህ አቦልን ከለስላሳ ሲጋር መጀመሪያ ጋር ብትጠጡት አቦል ይውጠዋል። እኔ አቦልን ብቻዬን እጠጣለሁ። ሲጋሩን የምለኩሰው ቶና ሲቀዳ ነው። በረካ ላይ ስደርስ ሲጋሩ መካከል ላይ ይደርሳል፣ ሁለቱ ይተካከላሉ። ስኳር አልጨምርም። ቡናው መካከለኛ ቆላ ቢሆን ይሻላል። የታጠበ ይርጋ ጨፌ የምወደው ቡና ነው፤ ግን የሎሚ ጣዕሙ ከኮኔክቲከቱ ቅቤነት ጋር ይጣላል። ያልታጠበ የሐረር ቡና በጣም ይስማማዋል።

ከመቁረጣችሁ በፊት ሲጋሩን አሽትቱት፤ ልባሱንም እግሩንም፣ ማለትም ክፍት የሆነውን ጫፍ። ድርቆሽ፣ ደረቅ እንጨት፣ አንዳንዴ ኮኮዋ ይሸታል። የአሞኒያ ሽታ ካለው ገና ነው፤ ወደ ዕቃው መልሱት።

አሁን መቁረጡ። ተዘግቶ የተጠቀለለው ጫፍ ላይ ትንሽ ቆብ አለ። ወደ ብርሃን አዙራችሁ ካያችሁት ቆቡ ከልባሱ ጋር የሚገናኝበት ቀጭን መስመር ይታያል። መቆረጥ ያለበት ከዚያ መስመር በላይ ነው፤ ከአናቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ። መስመሩን ካለፋችሁት ልባሱን የያዘው ይለቀቅና ሲጋሩ ይተረተራል። ቆቡን በከንፈራችሁ ትንሽ አርጥቡት፣ ሁለት ስለት ያለውን መቁረጫ አስጠግታችሁ ያዙ፣ ከዚያ በአንድ ምት። በዝግታ ብትጫኑት ቅጠሉ ይጨፈለቃል። የወጥ ቤት ቢላዋ አይሆንም። ቀዳዳ ብቻ የሚከፍተው መብሻ ደግሞ ጭሱን አንድ ቦታ ይሰበስበዋል፣ ምላስ ላይ ትኩስ ሆኖ ይወርዳል። ለለስላሳው ሰፋ ያለ ቀጥ ያለ ቁርጥ ነው የሚሻለው።

ሳትለኩሱ አንዴ ሳብ አድርጉት። ሚሪንዳ በስትሮ እንደመጠጣት ሊቀልል ይገባል። አቮካዶ ጁስ በስትሮ እንደመሳብ ከከበደ ትንሽ ጨምራችሁ ቁረጡ፤ ወይም በጣቶቻችሁ መካከል በቀስታ እያሽከረከራችሁ አላሉት።

አለኳኮሱ ላይ ከተማችን የራሷ ጣጣ አላት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። ከዱባይ የመጣው እንደ ችቦ እሳት የሚተፋ ላይተር እዚህ ብዙ ጊዜ ጠቅ ጠቅ ይላል እንጂ አይነሳም። ተበላሽቶ አይደለም። አየሩ ስስ ስለሆነ ጋዙና ኦክስጅኑ አልተመጣጠኑም። ከሥሩ ያለችውን ማስተካከያ ወደ ዝቅተኛው አዙሯት፤ ጋዙ ሲቀንስ ይነሳል። እንጦጦ ላይ ግን ይህም አልሠራልኝም። እኔ አሁን ክብሪት ነው የምጠቀመው። ክብሪቱ ሲጫር የድኙ ሽታ እስኪያልፍ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠብቁ። ሦስት አራት ክብሪት ያስፈልጋችኋል።

ሲጋሩን አፍ ውስጥ አታስገቡት። በእጃችሁ ወደ ታች ዘንበል አድርጋችሁ ያዙት፣ እሳቱን ከእግሩ በታች፣ ሳይነካው። እያሽከረከራችሁ አሙቁት። መጀመሪያ ጠርዙ ይጠቁራል። ቀጥሎ ቀጭን ሰማያዊ ጭስ ይነሳል። ከዚያ ጠርዙ ዙሪያውን ይቀላል። አሁን አፋችሁ ላይ አድርጋችሁ አንዴ በቀስታ ሳቡ፤ አውጥታችሁ ፍሙ ላይ እፍ በሉበት። ዙሪያውን እኩል ከቀላ ጨርሳችኋል። ጥቁር የቀረ ቦታ ካለ ክብሪት አስጠጉለት። ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ ቢወስድ አይብዛባችሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ፤ እዚህ ላይ የቸኮለ ሲጋሩ እስኪያልቅ አንድ ጎን ሲያስተካክል ይቆያል።

ከዚያ በደቂቃ አንዴ። ከዚያ አይበልጥም። ጭሱን ጉንጫችሁ ውስጥ ያዙት፣ ምላሳችሁን አንቀሳቅሱ፣ አውጡት። ስባችሁ እንደገና እስክትስቡ ሲጋሩን አስቀምጡ። ቡና ተጎንጩ፣ አውሩ። እጄ ላይ ከያዝኩት ስለምስበው እኔ ሆን ብዬ መተርኮሻው ላይ አጋድመዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን በሰዓት ነበር የምጠብቀው። አሁን ጭሱን አያለሁ። ከፍሙ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ጭስ ቀጭን ክር ከሆነ ሰላም ነው። ወፍሮ ከተንቦለቦለ ግሏል፤ ሁለት ደቂቃ ተዉት።

ጣዕሙን ለመለየት አንዷን ጭስ በአፍንጫችሁ አውጧት። ወደ ሳንባ ሳትስቡ፣ አፍ ውስጥ ካለው አብዛኛውን በአፍ አስወጡና የቀረችውን ትንሽ በአፍንጫ ልቀቁ። ያቃጥላል፤ ግን የሚገርም ነው። ምላስ የሚያውቀው እንደ ጣፋጭ፣ መራራ፣ ጨው፣ ኮምጣጣ ያለውን ነው። ቅቤውን፣ ኦቾሎኒውን፣ ነጭ ቁንዶ በርበሬውን የሚያገኘው አፍንጫ ነው። ቡና ስንቀምስ በጩኸት የምንምገውም ትነቱ ወደ አፍንጫ እንዲወጣ ነው። በአንድ ሲጋር ከአራት አምስት ጊዜ በላይ አላደርገውም።

ማስታወሻ እይዛለሁ፤ የሥራ ልማድ ነው። ባለፈው ኅዳር የጻፍኩት ይህን ይመስላል፦ «ሮቡስቶ፣ ዶሚኒካን፣ 65 በመቶ ላይ አምስት ሳምንት። መጀመሪያ፦ ድርቆሽ፣ ትንሽ ቅቤ፣ ምላስ ላይ ደረቅ። መካከል፦ የገብስ ቆሎ፣ ከበረካ ጋር ማር ማር አለ። መጨረሻ፦ እንጨት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ መራራ ከመሆኑ በፊት ተውኩት።» እንዲህ በራሳችሁ ቃል ጻፉ። የሲጋሩ ማሸጊያ ላይ የታተመውን አትገልብጡ። የገብስ ቆሎ የሚያውቅ ሰው ያላያቸውን ፍሬዎች ስም መደርደር የለበትም።

አመዱን እንደ ሲጋራ በየደቂቃው አትተርኩሱት። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ሲደርስ መተርኮሻው ላይ አስደግፋችሁ በቀስታ አሽከርክሩት፣ ራሱ ይወድቃል። አመዱ ፍሙን ከነፋስ ይከልለዋል፣ ያቀዘቅዘዋል። አንዱ ጎን ቀድሞ ከነደደ ወደኋላ የቀረውን ጎን ወደ ታች አዙሩት፤ የታችኛው ጎን ቶሎ ስለሚነድድ ይደርሳል። ካልደረሰ በክብሪት እርዱት። ከጠፋ አመዱን አራግፉ፣ በሲጋሩ ውስጥ አንዴ ወደ ውጭ እፍ ብላችሁ የታፈነውን ጭስ አስወጡ፣ እንደገና ለኩሱ። ለነገ አስተርፋለሁ ማለት ግን አይሠራም። ያደረ ሲጋር ይጎመዝዛል።

ወረቀቱን ቀለበት መጀመሪያ ላይ አትላጡት። ሙጫው ሲሞቅ ራሱ ይላላል። ቀድማችሁ ብትጎትቱት ልባሱን ይዞ ይመጣል።

ካዞራችሁ፣ ላብ ካላባችሁ ወይም ካቅለሸለሻችሁ ኒኮቲን በዝቶባችኋል። ወዲያው አስቀምጡት። ውኃ ጠጡ፣ ስኳር ያለው ነገር ቅመሱ፣ ቁጭ በሉ። አትቀጥሉ።

አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲቀር ጣቶቻችሁ ሙቀቱን ይሰማሉ። ጣዕሙም ይሰላል፣ መራራነት ይመጣል። እኔ እዚያ ላይ አቆማለሁ። ጋሼ ጥፍራቸው እስኪነካ ያጨሳሉ፤ የእሳቸው ለስላሳ አይደለም፣ ልማዳቸውም ሌላ ነው። እንደ ሲጋራ ደፍጥጣችሁ አታጥፉት። ሲደፈጠጥ ቤቱን ሁሉ የሚያስጠላ ሽታ ይለቃል። መተርኮሻው ላይ አጋድማችሁ ተዉት፣ በጥቂት ደቂቃ ራሱ ይጠፋል።

እጄን በሎሚ እታጠባለሁ፣ ጥርሴን እፋቃለሁ፣ ልብሴን እቀይራለሁ። ጉማጁ በደንብ መቀዝቀዙን አይቼ ከአመዱ ጋር በላስቲክ ቋጥሬ ያንኑ ማታ ወደ ታች አወርደዋለሁ። ካደረ በረንዳው ጠዋት ይከረፋል፣ እትዬ ደግሞ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የቀረውን ልብስ የሚያሰጡት ከበላዬ ነው።